ሳይቃጠል በቅጠል፦ የአንድ የተቆለፈ በር ታሪክ

(በሬዲዮ የመሠረተ ትምህርት ፕሮግራም የተነገረ)

ደብተርና እርሳስ ያልያዘ ካለ ፈጥኖ ያምጣ፤ እንጠብቃለን።

ዛሬ የምንነጋገረው በሥራ ቦታ ስለሚደርስ አደጋና ስለ መከላከያው ነው። ነገሩን ከታሪክ እንጀምራለን። ታሪኩ የሩቅ አገር ታሪክ ነው። ቢሆንም በርና ቁልፍ ባለበት ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ይመለከተዋል።

መጀመሪያ አራት ቃላት እንጻፍ። አስተማሪያችሁ ሰሌዳው ላይ ይጽፉላችኋል።

መውጫ። ቁልፍ። አደጋ። ደኅንነት።

ጻፋችሁ? እሺ፣ አንድ ላይ እናንብባቸው። መውጫ። ቁልፍ። አደጋ። ደኅንነት። አሁን ወደ ታሪኩ እንሂድ። የምጠራው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ፋብሪካው

ዘመኑ 1903 ዓ.ም. ነው። በአገራችን ዳግማዊ ምኒልክ በጠና ታመው የነበሩበት ጊዜ ነው። በአሜሪካ አገር፣ በኒው ዮርክ ከተማ፣ ትራያንግል የሚባል የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው የሴቶች ሸሚዝ ይሰፋል። ሕንፃው 10 ፎቅ ነው። ፋብሪካው የያዘው ከላይ ያሉትን ሦስቱን፣ ማለት 8ኛውን፣ 9ኛውንና 10ኛውን ፎቅ ነው።

በፋብሪካው 500 ያህል ሠራተኞች ይሠሩ ነበር። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። አብዛኞቹ ደግሞ ገና ልጃገረዶች ናቸው። ከጣሊያን አገርና ከምሥራቅ አውሮፓ እንጀራ ፍለጋ የመጡ ስደተኞች ናቸው። ብዙዎቹ የአገሩን ቋንቋ፣ እንግሊዝኛን፣ በደንብ አያውቁም ነበር።

በ8ኛው ፎቅ ላይ ጨርቅ ይቆረጣል። ቁርጥራጩ ከጠረጴዛው ሥር ባለ ሣጥን ውስጥ ይጣላል። ቁርጥራጩን የሚገዛ ነጋዴ እየመጣ ይወስደዋል። ነጋዴው ግን ለሁለት ወር ያህል አልመጣም ነበር። ስለዚህ ሣጥኖቹ በስስ ጨርቅ ሞልተዋል። ስስ ጨርቅ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚነድ ኩራዝ የሚያበራ ሰው ያውቀዋል።

በ9ኛው ፎቅ ላይ 250 ያህል ሠራተኞች ይሰፋሉ። የስፌት መኪናዎቹ በረጃጅም ጠረጴዛዎች ላይ ተደርድረዋል። በመካከላቸው ያለው መተላለፊያ ጠባብ ነው። ወደ ታች የሚያወርዱ ሁለት ደረጃዎች አሉ። ሁለቱም በር አላቸው። ሲመሽ ሠራተኛው በአንደኛው በር ብቻ እንዲወጣ ይደረጋል። እዚያ በር ላይ አንድ ሰው ቆሞ የሴቶቹን ቦርሳ ይፈትሻል። የቀረው በር ይቆለፋል።

ያልተሰማው ጥያቄ

አድማጮቻችን፣ ይህን ልብ በሉ። አደጋው በድንገት የመጣ እንግዳ አልነበረም። ሠራተኞቹ አስቀድመው ተናግረው ነበር።

በ1902 ዓ.ም.፣ በኅዳር ወር፣ የኒው ዮርክ የስፌት ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ክላራ ሌምሊክ የምትባል ወጣት የስፌት ሠራተኛ በስብሰባ መካከል ተነሥታ በገዛ ቋንቋዋ፣ በይዲሽ፣ ተናገረች። «ወሬው ይብቃ፤ ሥራ እናቁም» የሚል ሐሳብ አቀረበች። 20,000 ያህል ሠራተኞች ተከተሏት። የትራያንግል ሠራተኞችም ከእነርሱ ጋር ነበሩ።

ምን ጠየቁ? ደመወዝ እንዲጨመር ጠየቁ። የሥራ ሰዓት እንዲቀነስ ጠየቁ። ካነሷቸው ጥያቄዎች መካከል ደግሞ በቂ የእሳት ማምለጫና የማይቆለፍ በር ይገኙበት ነበር።

በብርድ ወራት ለሳምንታት ታገሉ። ተደበደቡ፤ ታሰሩ። በየካቲት ወር አድማው አበቃ። ብዙ አሠሪዎች ከማኅበሩ ጋር ውል ገቡ። የትራያንግል ባለቤቶች ግን ማኅበሩን አንቀበልም አሉ። ሠራተኞቹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በሩም እንደተቆለፈ ቀረ።

ያቺ ቅዳሜ

አንድ ዓመት አለፈ። ቅዳሜ መጋቢት 16 ቀን 1903 ዓ.ም. ሆነ። ከቀኑ 10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው። ሥራ ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃ ቀርቷል። ሴቶቹ ካፖርታቸውን እየያዙ ነው።

በ8ኛው ፎቅ፣ ቁርጥራጭ ከሞላበት ሣጥን ውስጥ፣ እሳት ተነሣ። ሳይጠፋ የተጣለ ክብሪት ወይም የሲጋራ ቁራጭ ሳይሆን አይቀርም ተብሏል። ሰዎች በባልዲ ውሃ ረጩበት፤ አልጠፋም። የውሃውን ቱቦ ጎትተው ቢከፍቱት ውሃ አልመጣም። ቱቦው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር እንጂ የሚሠራ መሆኑን የመረመረ አልነበረም።

አንዲት ሠራተኛ ወደ 10ኛው ፎቅ ስልክ ደወለች። 10ኛው ፎቅ የባለቤቶቹ ቢሮ ያለበት ነው። እዚያ የነበሩት ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ጣራ ወጥተው ዳኑ። ከጎን ባለው ሕንፃ ይማሩ የነበሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሰላል አውርደው አሻገሯቸው።

ወደ 9ኛው ፎቅ ግን የደወለ የለም። በዚያ ፎቅ የማስጠንቀቂያ ደወልም አልነበረም። የ9ኛው ፎቅ ሰዎች እሳት መነሣቱን ያወቁት እሳቱን ራሱን ሲያዩት ነው።

ምን ያድርጉ? ፈጥነው የተነሡት ባልተቆለፈው በር ወጡ። ወዲያው ያንን ደረጃ እሳት ዘጋው። ሌሎቹ ወደ ሁለተኛው በር ሮጡ። በሩ ተቆልፏል። ደበደቡት፤ ገፉት፤ አልተከፈተም። ቁልፉን የያዘው ሰው አስቀድሞ በሌላ መንገድ ወጥቶ ሄዷል።

ከሕንፃው ጀርባ የብረት ማምለጫ መሰላል ነበር። ቀጭንና ደካማ ነበር። ሰው ሲበዛበት ከሰዎቹ ጋር ተገንጥሎ ወደቀ።

ሁለት የአሳንሰር ሠራተኞች፣ ጆሴፍ ዚቶና ጋስፓር ሞርቲላሮ፣ ነፍሳቸውን ሳይሳሱ ወደ እሳቱ ደጋግመው ወጡ። በየጊዜው ሰው ጭነው ወረዱ። ብዙ ሰው አዳኑ። በመጨረሻ አሳንሰሩ መሥራት አቆመ።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች ፈጥነው ደረሱ። መሰላላቸውን ዘረጉ። መሰላሉ ግን 6ኛው ፎቅ ላይ አለቀ። ሴቶቹ ያሉት 9ኛው ፎቅ ላይ ነው። እሳት ከኋላ ሲመጣባቸው በመስኮት ዘለሉ። ሰዎች ከታች መረብ ዘርግተው ነበር። መረቡ ተቀደደ።

እሳቱ ግማሽ ሰዓት ያህል እንኳ አልቆየም። በዚያ ጊዜ ውስጥ 146 ሰዎች ሞቱ። 123ቱ ሴቶች ናቸው፤ 23ቱ ወንዶች ናቸው። ከሁሉም ታናሾቹ የ14 ዓመት ልጆች ነበሩ።

አድማጮቻችን፣ ሕንፃው እሳት እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነበር። እውነትም ሕንፃው አልፈረሰም። ዛሬም እዚያው ቆሟል፤ የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ሆኗል። ግንቡን ከእሳት የሚያድን አሠራር ተገኝቶ ነበር። ለሰዎቹ ግን መውጫ አልተበጀላቸውም።

በሩ ለምን ይቆለፋል?

«እንዴት ሰው እያለ በር ይቆለፋል?» ትሉ ይሆናል። የቆለፉትስ ሰው እንዲሞት ፈልገው አልነበረም። ሸሚዝና ጨርቅ እንዳይሰረቅ ፈርተው ነው። ሠራተኛው ሳያስፈቅድ እንዳይወጣም ፈልገው ነው። የአንድ ሸሚዝ መጥፋት በየቀኑ ይታያቸዋል። እሳት ግን በየቀኑ አይታይም። ስለዚህ ለሌባው ተጠነቀቁ፤ ለእሳቱ አልተጠነቀቁም።

ይህ ነገር በእኔም ላይ ደርሷል። መምህርነት በምማርበት ጊዜ የመኝታ ቤታችን በር ማታ ማታ በሰንሰለት ይቆለፍ ነበር። ምክንያቱ ያው ሌባ ነው። እኛም «ጥሩ ነው፣ ዕቃችን ተጠበቀ» እንል ነበር። አንድ ሌሊት ከኤሌክትሪክ ምድጃ አጠገብ የተሰጣ ልብስ ተቀጣጠለ። ክፍሉ በጢስ ተሞላ። በሩን ብንደበድብ የሚከፍት የለም። ቁልፉ ዘበኛው ኪስ ውስጥ ነው። ዘበኛው ደግሞ ከግቢው ማዶ ነበር። በመስኮት ዘለልን። አንዱ ጓደኛችን እግሩ ተሰበረ። የሞተ የለም፤ ምክንያቱም ቤቱ ምድር ቤት ነበር። ዘጠነኛ ፎቅ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልነግራችሁም ነበር።

በዘበኛው አልፈርድም። ቆልፍ ተብሎ ቆለፈ። እኛ እዚያ ውስጥ የምንተኛው ግን አንድም ቀን «እሳት ቢነሣስ?» ብለን አልጠየቅንም።

ከሐዘን ወደ ሕግ

የትራያንግል ባለቤቶች ፍርድ ቤት ቀረቡ። የተረፉት ሠራተኞች መሰከሩ። በታኅሣሥ 1904 ዓ.ም. ባለቤቶቹ ነፃ ተባሉ። በሩ በዚያች ሰዓት መቆለፉን ባለቤቶቹ ማወቃቸው አልተረጋገጠም ተባለ። ከአደጋው ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1906 ዓ.ም.፣ ለከሰሱት ቤተሰቦች ለአንድ ነፍስ 75 ዶላር ተከፈለ። በመካከሉ፣ በ1905 ዓ.ም.፣ ከባለቤቶቹ አንዱ በሌላ ፋብሪካው እንደገና በሥራ ሰዓት በር ሲቆልፍ ተገኘ። የተቀጣው 20 ዶላር ነው።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። ሕዝቡ ግን ዝም አላለም። ከአደጋው በኋላ በዝናብ ውስጥ ብዙ መቶ ሺህ ሰው ለሐዘን አደባባይ ወጣ። የሠራተኞች ማኅበራት ጮኹ። በዚያው ዓመት የኒው ዮርክ መንግሥት አንድ የምርመራ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ በመጀመሪያው ዓመት 1,836 የሥራ ቦታዎችን መረመረ። 222 ምስክሮችን ሰማ። ፋብሪካዎችን፣ ዳቦ ቤቶችን፣ የኬሚካል ሥራዎችን አየ። እሳትን ብቻ ሳይሆን አቧራን፣ መርዝን፣ የሕፃናትን ሥራ ጭምር አጠና።

ከመርማሪዎቹ ጋር ፍራንሲስ ፐርኪንስ የምትባል ሴት ነበረች። በዚያች ቅዳሜ በአቅራቢያው ነበረች። ጩኸት ሰምታ ሮጣ ሄደች፤ ልጃገረዶቹ ሲወድቁ በዓይኗ አየች። ያየችውን አልረሳችም። ኋላ ከ1925 እስከ 1937 ዓ.ም. የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነች። በዚያ አገር ሚኒስትር የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ ናት።

ኮሚሽኑ ባቀረበው ሐሳብ ከ30 በላይ ሕጎች ወጡ። ጥቂቶቹን እንጥቀስ። በሥራ ሰዓት በር አይቆለፍ። ቁርጥራጭ እሳት በማይበላው ዕቃ ይጠራቀም፤ በየጊዜው ይወገድ። በፋብሪካ ውስጥ ሲጋራ አይጨስ። ሠራተኞች ከእሳት መውጣትን በልምምድ ይማሩ።

ስለ ሲጋራ የወጣው ሕግ ለእናንተ ለአዲስ አንባቢዎች የሚሆን ነገር አለው። ማስጠንቀቂያው በእንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን ባለሥልጣኑ በሚያዝዘው በሌላም ቋንቋ እንዲለጠፍ አዘዘ። ሠራተኛው ማንበብ የማይችለው ጽሑፍ እንደማይጠብቀው ገብቷቸው ነበር።

እንደገና

ሕጎቹ ግን በአንድ አገር የወጡ ናቸው። የስፌት ሥራው ደግሞ ርካሽ ጉልበት እየፈለገ ከአገር ወደ አገር ይዞራል። ከ100 ዓመት በኋላ በባንግላዴሽ በዝቶ ነበር።

ኅዳር 15 ቀን 2005 ዓ.ም. በዋና ከተማዋ በዳካ አጠገብ ታዝሪን በሚባል የስፌት ፋብሪካ እሳት ተነሣ። ደወል ጮኸ። አለቆቹ «ወደ ሥራችሁ ተመለሱ» እንዳሏቸው የተረፉት ተናገሩ። መውጫዎች ተቆልፈው ነበር። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ከአምስት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ራና ፕላዛ የሚባል ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ተደረመሰ። በዋዜማው ግድግዳው ተሰንጥቆ ታይቷል። በሕንፃው የነበረ ባንክ ሠራተኞቹን አስወጣ። የስፌት ሠራተኞቹ ግን በማግስቱ ግቡ ተባሉ። 1,134 ሰዎች ሞቱ።

ከዚያ በኋላ ልብስ የሚያሰፉ የውጭ ኩባንያዎችና የሠራተኞች ማኅበራት የጽሑፍ ውል ፈረሙ። ከ1,000 በላይ ፋብሪካዎች ተመረመሩ። ከውሉ አንዱ ነገር ይህ ነው፦ ሠራተኛ አደጋ ካየ አልገባም ማለት ይችላል። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የሥራ ድርጅት ደኅንነቱና ጤንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታን ከሠራተኛ መሠረታዊ መብቶች ጋር ቆጠረው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ሕግ ሁልጊዜ የሚወጣው ከቀብር በኋላ ከሆነ ያው ተረት መሆኑ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ

በእኛም አገር የስፌት ፋብሪካ በዝቷል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ አንዱ ምሳሌ ነው። ከዚያ የሚበዙት ደግሞ ትንንሾቹ የሥራ ቦታዎች ናቸው። ዳቦ ቤት፣ ጋራዥ፣ ወፍጮ ቤት፣ እንጨት ሥራ፣ ልብስ ስፌት።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሁለቱም ወገን ግዴታ ሰጥቷል። አሠሪ ሠራተኛው እንዳይጎዳ አስፈላጊውን ሁሉ ማድረግ አለበት። ስለ አደጋው ማስተማር አለበት። የመከላከያ ዕቃ መስጠት አለበት። ሠራተኛም የተሰጠውን ዕቃ በአግባቡ መጠቀም አለበት። አደጋ የሚያመጣ ነገር ሲያይ መናገር አለበት። መናገር መብት ብቻ አይደለም፤ በሕግም ግዴታ ነው።

እንግዲህ በየሥራ ቦታችን የሚከተለውን እናድርግ።

1. ሰው ውስጥ እያለ በር በቁልፍ አይዘጋ። ሌባ የሚያስፈራ ከሆነ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት መቀርቀሪያ ይደረግ። በር ላይ ጆንያ፣ ወንበር፣ ሞተር ብስክሌት አይቁም።

2. ቁርጥራጭ፣ ሰጋቱራ፣ ዘይት የነካው ጨርቅ ማታ ማታ ይጠረግ። ቤንዚንና ጋዝ ከእሳት ይራቅ።

3. ዘይት ሲነድ ወይም ኤሌክትሪክ ሲቃጠል ውሃ አትርጩ። የሚነድ ዘይት ከሆነ ምድጃውን አጥፉ፤ ድስቱን በክዳን ክደኑ። ኤሌክትሪክ ከሆነ ቆጣሪው ላይ አጥፉ።

4. እሳት ያየ ሰው ጮኾ ለሁሉም ይናገር። የ9ኛውን ፎቅ አስታውሱ።

5. ጢስ ሲበዛ ጎንበስ ብላችሁ ወይም እየዳሃችሁ ውጡ። ንጹሕ አየር ያለው ወደ መሬት ነው። በአሳንሰር አትጠቀሙ። ልብሳችሁ ከተያያዘ አትሩጡ፤ መሬት ላይ ተኝታችሁ ተንከባለሉ።

6. አንድ የታወቀ ቦታ ላይ ተሰብስባችሁ ተቆጠሩ። ለዕቃ ብላችሁ አትመለሱ።

7. የተቃጠለን ገላ ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ አብርዱ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና ወይም አመድ አትቀቡ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

8. የእሳት አደጋን የስልክ ቁጥር በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉ። በአዲስ አበባ 939 ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ሌላ ቦታ ያላችሁ የአካባቢያችሁን ቁጥር ጠይቃችሁ ጻፉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ልምምድ አድርጉ። አንድ ቀን ከሥራ በፊት «እሳት!» ተብሎ ይነገር። ሁሉም ሰው እስኪወጣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ቁጠሩ። አንድ በር እምቢ ካለ ያን ዕለት ታገኙታላችሁ።

ውድ አድማጮቻችን፣ ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። እሳት ትንሽ ሳለ ቅጠልም ያጠፋዋል። እሳት ሳይነሣ ደግሞ አንድ ቃል ይበቃ ይሆናል።

ለዛሬ የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። ካርቶን ፈልጉ። በከሰልም ይሁን በቀለም፣ በትልልቅ ፊደል፣ ዛሬ የተማራችሁትን የመጀመሪያ ቃል ጻፉበት፦ መውጫ። በምትሠሩበት ቤት በር ላይ ስቀሉት። ከመስቀላችሁ በፊት ግን በሩን ግፉት። የሚከፈት መሆኑን እዩ።

ለሳምንት በደኅና ያገናኘን። ደኅና ሁኑ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በትራያንግል ፋብሪካ በሩ የተቆለፈው ለምን ነበር?
2. የ9ኛው ፎቅ ሠራተኞች ከ10ኛው ፎቅ ሰዎች ይልቅ የተጎዱት ለምንድን ነው?
3. ሠራተኞቹ ከአደጋው በፊት ምን ጠይቀው ነበር?
4. በምትሠሩበት ወይም በምትማሩበት ቤት ስንት መውጫ አለ? ቁልፉስ በማን እጅ ነው?
5. አደጋ የሚያመጣ ነገር ብታዩ ለማን ትናገራላችሁ? ባይሰማችሁስ ምን ታደርጋላችሁ?